ፓንዶራ የከፈተችው ጋን ነው

በአማርኛ የፖለቲካ ትንታኔ «የፓንዶራ ሳጥን ተከፈተ» ማለት ከተለመደ ቆይቷል። የተዳፈነ ጉዳይ በተቀሰቀሰ፣ የድንበር ጥያቄ በተነሣ ቁጥር ሳጥኗ ትመጣለች። በግሪኮች ተረት የመጀመሪያዋ ሴት የሆነችው ፓንዶራ ግን ሳጥን አልነበራትም። ታሪኳን በጽሑፍ ያቆየልን ቀደምቱ ገጣሚ ሄሲዮዶስ ነው፤ ዘመኑም ከክርስቶስ ልደት በፊት 700 ዓመት ገደማ ነው። እሱ የተጠቀመበት ቃል «ፒቶስ» ይባላል። ፒቶስ እህል፣ ዘይትና የወይን ጠጅ የሚከማችበት ሆደ ሰፊ የሸክላ ዕቃ ነው። በቀርጤስ ደሴት፣ በክኖሶስ ቤተ መንግሥት ግምጃ ቤቶች ከተገኙት አንዳንዶቹ የሰው ቁመት ያህላሉ። አማርኛ ለዚህ ዕቃ ቃል አላጣም። ጋን ነው።

ይህን የማነሣው ለቃል ጨዋታ አይደለም። የግሪክንና የሮምን አማልክት በአማርኛ የምናወራው በእንግሊዝኛ በር ገብተን ነው፤ በዚያ በር ስናልፍ ደግሞ የራሳችን ቋንቋ በቀጥታ ሊነግረን የሚችለውን ነገር እየጣልን እንገባለን። ጋኑ ለዚህ ጥሩ ማሳያ ነው።

ታሪኩ የሚጀምረው በሥጋ ክፍፍል ነው። ከአማልክት ወገን የሆነው ቲታኑ ፕሮሜቴዎስ አንድ ትልቅ በሬ ለሁለት ከፈለ። ሥጋውንና የሆድ ዕቃውን በጨጓራው ሸፈነ፤ ባዶ አጥንቱን ደግሞ በሚያምር ነጭ ስብ ጠቀለለ። የአማልክት ንጉሥ ዜውስ ስቡን አነሣ። ግሪኮች በመሥዋዕታቸው አጥንቱን ለአማልክት እያጨሱ ሥጋውን ራሳቸው የሚበሉበትን ምክንያት ሄሲዮዶስ የሚያስረዳው በዚህ ነው። ዜውስ ተቆጥቶ እሳትን ሸሸገ፤ ፕሮሜቴዎስም በአንድ ተክል ባዶ አገዳ ውስጥ ደብቆ ሰረቀው። ለዚህ የተላከችው ቅጣት ፓንዶራ ናት። አንጥረኛው አምላክ ሄፋይስቶስ አፈር በውኃ ለውሶ አበጃት፣ የጥበብ አምላኳ አቴና አለበሰቻት፣ የአማልክት መልእክተኛ ሄርሜስ አንደበት ሰጥቶ ስም አወጣላት። የፕሮሜቴዎስ ወንድም ኤጲሜቴዎስ «ከዜውስ የመጣ ስጦታ አትቀበል» መባሉን ረስቶ ተቀበላት። እሷም የጋኑን ትልቅ ክዳን አነሣች። ድካምና ደዌ ወጥተው በምድር ተበተኑ፤ ደዌዎቹ ቀንም ሌሊትም ድምፅ ሳያሰሙ ወደ ሰው ይመጣሉ፣ ዜውስ አንደበታቸውን ነሥቷቸዋልና። ተስፋ ብቻ ከጋኑ ከንፈር በታች ቀረች።

አሁን ይህን በሳጥን ተክታችሁ አንብቡት። ሳጥን የተቆለፈ ምስጢር ነው፣ የሚከፍተውም የማያርፍ እጅ ነው። ጋን ግን የቤት ቀለብ ነው። እመቤቲቱ ጋን መክፈቷ የዕለት ሥራዋ ነው፤ የታሪኩ ጭካኔም እዚህ ላይ ነው፣ ክፋቱ የመጣው ቀለብ ከሚወጣበት ዕቃ ነውና። ሄሲዮዶስ በዚያው ግጥም ዝቅ ብሎ ለገበሬው ምክር ሲሰጥ ጋኑ ሲጀመርና ሊያልቅ ሲል ጠግበህ ብላ፣ መሐሉ ላይ ሲደርስ ቆጥብ ይላል። አድማጮቹ ጋን ሲባል የሚታያቸው ይህ ነበር። ገጣሚው ሆሜሮስም የትሮይን ጦርነት በሚተርከው በኢሊያድ መጨረሻ አካባቢ በዜውስ ወለል ላይ የቆሙ ጋኖች እንዳሉ ጀግናው አኪሌዎስ ሲናገር ያሰማናል፤ በአንዱ ክፉ ዕጣ፣ በሌላው መልካም ዕጣ ተከማችቶ ዜውስ ከሁለቱ እየቀላቀለ ለሰው ያድላል።

የተስፋ ነገር ምሁራንን ሲያከራክር የኖረ ነው። በጋኑ የቀረችው ለሰው ስንቅ ሆና ነው ወይስ ታስራ? ሳጥን ብለን ካሰብን ታስራለች ማለት ይቀናናል። ጋን ካልን ግን ከታች የቀረው እህል ለክፉ ቀን የሚሆን ነው። እኔ ወደዚህ አደላለሁ፤ ሆኖም «ኤልፒስ» የሚለው የግሪክ ቃል መልካሙን ብቻ ሳይሆን ክፉውንም መጠበቅ ሊሆን ስለሚችል ሌላኛው ወገን ያለ ምክንያት አይከራከርም። ጋኑን ያልተረዳ ሰው ግን ክርክሩ ውስጥ እንኳ ሊገባ አይችልም።

ሳጥኑ የመጣው እ.ኤ.አ. በ1508 በታተመው የኤራስመስ የምሳሌያዊ አነጋገሮች ስብስብ ነው። የሮተርዳሙ ሊቅ በላቲን ሲጽፍ «ፒክሲስ» አለ፤ ይኸውም የሽቶና የቅባት ትንሽ ዕቃ ነው። ፕሲኬ የምትባለዋ ልጅ ከሙታን አገር ይዛ የተመለሰችው ዕቃ በላቲኑ ተረት በዚሁ ቃል ስለሚጠራ ሁለቱ ታሪኮች ተደባልቀውበት ሊሆን ይችላል። ከዚያ ወዲህ ሠዓሊዎች ሳጥን ሣሉ፣ የአውሮፓ ቋንቋዎች ሳጥን አሉ፣ እኛም ተከተልን።

ስሞቹም የሄዱት በዚሁ መንገድ ነው። በልስጥራን ከተማ ጳውሎስ ሽባውን በፈወሰ ጊዜ ሕዝቡ አማልክት ሰው መስለው ወረዱ ብሎ ጮኸ። የ1954 ዓ.ም. አማርኛ መጽሐፍ ቅዱስ በርናባስን «ድያ»፣ ጳውሎስን ደግሞ ተናጋሪው እሱ ስለነበረ «ሄርሜን» አሉት ይላል። ሁለቱም የግሪክ ስሞች ናቸው፤ እንዲያውም የተሳቢነት ቅርጻቸውን እንደያዙ የመጡ ናቸው፣ ዜውስ በግሪክ ሲሳብ «ዲያ»፣ ሄርሜስ ሲሳብ «ሄርሜን» ይሆናልና። እ.ኤ.አ. በ1611 የታተመው የታወቀው የእንግሊዝኛ ትርጉም ግን በዚሁ ቦታ የሮማውያኑን ጁፒተርንና መርኩሪን አስገባ። በኤፌሶንም ሕዝቡ «የኤፌሶን አርጤምስ ታላቅ ናት» እያለ ሲጮኽ እንግሊዝኛው ዲያና ይላል። በዚህ ጉዳይ አማርኛው ከእንግሊዝኛው ይልቅ ለግሪኩ የቀረበ ነው። ሁከቱን ያስነሣው የብር ሠሪ ድሜጥሮስ መባሉን ደግሞ ልብ በሉ። ስሙ «የዴሜጤር የሆነ» ማለት ነው፣ የእህል አምላኳ። የባሕረ ሐሳብ ባለቤት የሆነው የእስክንድርያ ሊቀ ጳጳስም ስሙ ይኸው ድሜጥሮስ ነው። ዲዮስቆሮስ የሚለው ስምም «የዜውስ ልጆች» ከሚለው የመጣ ነው፤ በሐዋርያት ሥራ ጳውሎስ የተሳፈረበት የእስክንድርያ መርከብ የያዘው ዓላማ፣ ማለት ምልክቱ፣ የእነዚያ መንታ ልጆች፣ የካስቶርና የፖሉዴውቄስ ነበር።

የግእዝ ተርጓሚዎች የግሪክ ፊደል የሚያመጡበት ሥርዓት ነበራቸው። ጴጥሮስ፣ ማርቆስና ማቴዎስን ማየት ይበቃል፦ ፒ በጰ፣ ታው በጠ፣ ካፓ በቀ፣ ቴታ በተ ይገባ ነበር። ዛሬ በተማሪ መጽሐፍና በድረ ገጽ አንዱ ዚየስ፣ ሌላው ዜኡስ፣ ሦስተኛው ዙስ ሲል ሁሉም የሚገለብጠው የእንግሊዝኛ አፍ ነው። ሁሉንም በአሮጌው ሥርዓት እንጻፍ አልልም፤ «ፕሮሜቴዎስ» ፈንታ «ጵሮሜቴዎስ» ማለት ለዛሬ ጆሮ ይከብዳል። አርጤምስና ሄርሜስ ግን በአገሩ ያሉ ስሞች ስለሆኑ አርቴሚስና ኸርሚስ እያሉ እንደገና ማስመጣት ኪሳራ ነው።

የስም ማመሳሰል በራሱ ስሕተት አይደለም። ሮማውያን አድርገውታል፤ አክሱማውያንም አድርገውታል። በአራተኛው መቶ ዘመን ንጉሥ ዒዛና ቤጃዎችን ድል ካደረገ በኋላ ያስጻፈው ድንጋይ በግእዙ የአክሱማውያን የጦር አምላክ የመሕረም ልጅ ሲለው በግሪኩ የማይሸነፈው የግሪኮች የጦር አምላክ የአሬስ ልጅ ይለዋል። ለወለደው ለአሬስም አንድ የወርቅ፣ አንድ የብርና ሦስት የነሐስ ሐውልት እንዳቆመ ይናገራል። ኮስማስ የሚባለው ነጋዴ በስድስተኛው መቶ ዘመን አዱሊስ ላይ የገለበጠው የአንድ ቀደምት ንጉሥ የግሪክ ጽሑፍም ለዜውስ፣ ለአሬስና ለባሕሩ አምላክ ለፖሲዶን መሠዋቱን ይናገራል። ከዒዛና የክርስትና ዘመን በተገኘው የግሪክ ጽሑፍ አሬስ የለም፤ በቦታው አብ፣ ወልድና መንፈስ ቅዱስ ይጠራሉ።

መሕረም አሬስ ነበር ማለት ግን አይደለም። የሆሜሮስ አሬስ ዜውስ በአፉ «ኦሊምፖስ ካሉት አማልክት ሁሉ የምጠላህ» የሚለው፣ ዲዮሜዴስ የተባለ ሰው በጦር ወግቶት እየጮኸ የሚሸሽ ነው። የነገሥታት አባት የሆነው መሕረም ይልቅ የሚቀርበው ለሮሙ ማርስ ይመስለኛል። ማርስ የሮሙሉስና የሬሙስ አባት ነው፤ የሮም ገበሬም ማሳውን ሲያስባርክ አሳማ፣ በግና ወይፈን በእርሻው ዳር አዙሮ የሚሠዋው ለእሱ ነበር፣ በሽታንና ክፉ አየርን አርቆ እህሉን እንዲያበዛለት። «አሬስና ማርስ አንድ ናቸው፣ ስማቸው ነው የተለየው» የሚለው የትምህርት ቤት ሰንጠረዥ ይህን ሁሉ ያጠፋዋል።

ሌላው የሚያሳስተው ታሪኩን ማን እንደተናገረው አለመጠየቅ ነው። ሜዱሳ አሁን በሰፊው የምትነገረው በግፍ የተቀጣች ቆንጆ ሆና ነው፤ ፖሲዶን በአቴና መቅደስ ደፈራት፣ አቴናም ጠጉሯን እባብ አደረገችባት ይባላል። «ግሪኮች እንዲህ ይላሉ» ተብሎ ይጻፋል። ይህን የሚለው ግን ሮማዊው ኦቪድ ነው፣ እ.ኤ.አ. በ8 ገደማ፣ በላቲን፤ አማልክቱም የሮማውያኑ ኔፕቱንና ሚነርቫ ናቸው። ከእሱ 700 ዓመት በፊት ሄሲዮዶስ የሚያውቃት ሜዱሳ ጎርጎኖች ከሚባሉት ሦስት አስፈሪ እህትማማቾች ሟቿ ናት። ፖሲዶን ከእርሷ ጋር የተኛው በለስላሳ መስክ፣ በጸደይ አበባ መካከል ነው። ቅጣት የሚባል የለም። ጀግናው ጴርሴዎስ አንገቷን ሲቆርጥ ክሪሳዖርና ጴጋሶስ የተባለው ፈረስ ዘለው ወጡ። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ580 ገደማ በተሠራው የኮርፉ የአርጤምስ መቅደስ ግንባር ላይ ያለችውን ያየ ደግሞ ነገሩን በቶሎ ይረዳል፦ ሦስት ሜትር የምትጠጋ፣ ዓይኗ የፈጠጠ፣ ምላሷ የወጣ፣ ጉልበቷን አጥፋ የምትሮጥ፣ ወገቧን በሁለት እባብ የታጠቀች። ክፉን ከመቅደሱ ደጃፍ የምታባርር ናት። ቁንጅናው የኦቪድ ፈጠራ ብቻ ነው ማለትም አይቻልም፤ የግሪኩ ገጣሚ ጲንዳሮስ ከሱ 500 ዓመት ያህል ቀድሞ «ጉንጨ መልካም» ብሏታል። ስለዚህ ማንም ስለ ሜዱሳ ሲጽፍ በመጀመሪያው ዐረፍተ ነገር «በኦቪድ ዘንድ» ወይም «በሄሲዮዶስ ዘንድ» ይበል። ሁለት ቃል ነው፣ ግማሹን ስሕተት ያስቀራል።

አንድሮሜዳ ላይ ስንደርስ ጥንቃቄው ይበልጥ ያስፈልገናል፣ ታሪኩ የሚነካን ነውና። አባቷ ቄፌዎስ የኢትዮጵያ ንጉሥ ነው ይላል ተረቱ። እናቷ ካሲዮጴያ በቁንጅና ከባሕር ልጃገረዶች እበልጣለሁ ስላለች ፖሲዶን ጎርፍና የባሕር አውሬ ሰደደ፤ ልጅቷ ከዓለት ጋር ታስራ ለአውሬው ተሰጠች፤ ጴርሴዎስ አዳናት። ግሪኮች «አይቲዮጲያ» ሲሉ ፊታቸው ፀሐይ ያጠቆራቸው ሰዎች አገር ማለታቸው ነው። ሆሜሮስ በሁለት ከፍሎ የምሥራቅና የምዕራብ አድርጓቸዋል፤ የታሪክ ጸሐፊው ሄሮዶቶስ ከተማቸውን ሜሮዌ ይላታል፣ በዛሬው ሱዳን። ይህ ኩራታችንን የሚቀንስ አይደለም፤ ስሙን የወሰዱት አክሱማውያን በራሳቸው ፈቃድ ነው፣ የዒዛና ድንጋይ በአንዱ ጎን «ሐበሠት» የሚለውን በግሪኩ «አይቲዮጴስ» ብሎ ተርጉሞታልና። ነገር ግን ቄፌዎስን በአክሱም ነገሥታት ዝርዝር ውስጥ ማስገባት ከዚህ አይከተልም።

አውሬውን ደግሞ አንዳንዱ ድራጎን ይለዋል፤ ዘመናዊው ሲኒማ ክራከን ካለው ወዲህ እሱም ተለምዷል፣ ክራከን የኖርዌይ መርከበኞች ወሬ ሆኖ ሳለ። የግሪኩ ቃል «ቄቶስ» ነው። በማቴዎስ ወንጌል ዮናስን የዋጠው ይኸው ቄቶስ ነው፣ አማርኛውም «ዓሣ አንበሪ» ብሎታል። ቦታውም ይገናኛል፦ ዮናስ የተሳፈረው ከኢዮጴ፣ ከዛሬዋ ያፎ ወደብ ነው፤ ዮሴፍ የተባለው የአይሁድ ታሪክ ጸሐፊም የአንድሮሜዳ ሰንሰለት ምልክት በዚያው ወደብ ዓለት ላይ ይታይ እንደነበር ጽፏል። ስካውሩስ የሚባል ሮማዊ ሹም የአውሬው ነው የተባለ አጥንት ከኢዮጴ አስጭኖ ሮም ላይ ለሕዝብ አሳየ። ሮማዊው ጸሐፊ ፕሊኒ መጠኑን መዝግቦታል፦ ርዝመቱ 40 የሮም ጫማ፣ 12 ሜትር ያህል፤ የጎድን አጥንቱ ቁመት ከህንድ ዝሆን የሚበልጥ፤ የአከርካሪው ውፍረት አንድ ጫማ ተኩል። በልኩ ሲታይ የእውነተኛ ዓሣ አንበሪ አጥንት ሳይሆን አይቀርም።