ስልክ የሚሞላ ጽጌረዳ

ህንድ ውስጥ ከዶሮ ቀድሞ የሚጮኸው ዋትስአፕ ነው። ከንጋቱ 11 ሰዓት ተኩል ላይ፣ ሰፈሩ «አንክል ጂ» የሚላቸው ጡረተኛ መነጽራቸውን ይሰኩና ሥራ ይጀምራሉ። ሻዩ እስኪፈላ ለቤተዘመዱ፣ ለድሮ የመሥሪያ ቤት ጓደኞቻቸው፣ ለዮጋ ማኅበርተኞቹ ጽጌረዳ አድለው ይጨርሳሉ።

የመልካም ንጋት ምስል እንደ ማሳላ ሻይ የታወቀ ቅመም አለው። ከኋላ የምትወጣ ፀሐይ፣ ጥጉ ላይ ጤዛ ያረፈበት ጽጌረዳ፣ እንፋሎቱ የሚትጎለጎል ሲኒ። ለመንፈሳዊ ሰው ከሆነ በቀኑ መሳሳት አይቻልም፤ ከሂንዱ አማልክት ሰኞ የሺቫ፣ ማክሰኞ የሃኑማን ነው። ረቡዕ ሃኑማንን የላከ ሰው የትናንቱን እያሞቀ እንዳቀረበ ይነቃበታል። መሃል ላይ ስለ ትዕግሥት አንድ ዓረፍተ ነገር፣ ቢጫ ፊደል በሮዝ ላይ፣ ለማንበብም ትዕግሥት እንዲጠይቅ ተደርጎ።

ትልቁ ሙያ ያለው ከሥር የሚገባው ስም ላይ ነው። ነገሩ ስለ ሕልም ከሆነ ለአብዱል ካላም ይሰጣል፤ ስለ ሥራና ገንዘብ ከሆነ ለባለሀብቱ ለራታን ታታ፤ ትንሽ ተንኮል ካለበት ለጥንቱ የንጉሥ አማካሪ ለቻናክያ፤ ከሞተ ከ2,000 ዓመት በላይ ስለሆነው አያስተባብልም። ካላም የሮኬት ሳይንቲስት፣ ኋላም ፕሬዚዳንት ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ2015 ሺሎንግ ከተማ ለተማሪዎች ንግግር ሲያደርጉ ወድቀው አረፉ። ከዚያ ወዲህ የተናገሩት ግን በሕይወት ሳሉ ከተናገሩት ሳይበልጥ አይቀርም። ታታ በ2020፣ ስለ ኮሮናና ኢኮኖሚ በስማቸው የሚዞረውን ጽሑፍ «አልተናገርኩትም፣ አልጻፍኩትምም» ብለው ነበር። ማስተባበያው ጽጌረዳ የለው፣ ማን ፎርዋርድ ያደርገዋል?

ይኸው መልእክት እግር አውጥቶ መድረክ ሲወጣ አነቃቂ ተናጋሪ ይባላል። ሂንዲ ላይ እንግሊዝኛ ይነሰነሳል፤ መጀመሪያ ድህነት፣ ቀጥሎ ውድቀት፣ ቀጥሎ ጭብጨባ፣ መጨረሻ ላይ የኮርሱ ዋጋ። ደንበኛ አይጠፋም፤ በ2024 ለሕክምና ትምህርት መግቢያ ፈተና የተቀመጠው ከ23 ላክ፣ ማለትም ከ2.3 ሚሊዮን በላይ ነው። የኤምቢቢኤስ፣ ማለትም የሐኪምነት የመጀመሪያ ዲግሪ፣ ወንበሩ ደግሞ ያኔ ከ1 ላክ (100 ሺህ) ብዙም አይርቅም ነበር። ከሃያ ተማሪ አንዱ ይገባል ማለት ነው። ተናጋሪው ሃያውንም አነቃቅቶ፣ ሃያውም ሌሊት 10 ሰዓት ተነስተው ቢያጠኑ፣ አሁንም የሚገባው አንዱ ነው፤ ልዩነቱ ሃያውም እንቅልፍ ማጣታቸው ነው። የቀሩት አሥራ ዘጠኙ «ከልባችሁ አልፈለጋችሁም» ተብለው ለሁለተኛው ኮርስ ይመዘገባሉ። እንዲህ ያለ ንግድ፣ ዕቃው ባልሠራ ቁጥር ገበያው የሚደራ፣ ሌላ ቦታ አይገኝም።

ወደ አንክል ጂ እንመለስ። አንድ ምስል 150 ኪሎባይት ነው እንበል። በቀን 40 ቢገባ በዓመት ከ2 ጊጋባይት ያልፋል፤ ቪዲዮው ሳይቆጠር። ርካሽ ስልክ ይህን አይችልም፤ ይንቀራፈፋል፣ ከዚያም ቀጥ ይላል። የጎግል ሰዎች የህንድ ስልክ ለምን ቶሎ እንደሚሞላ ሲመረምሩ ያገኙት ይህንኑ ጽጌረዳ ነው፤ ለይቶ የሚያጠፋ መተግበሪያም አወጡ። ዋትስአፕ በበኩሉ በ2018፣ ሐሰተኛ ወሬ ሰው እስከ ማስገደል ሲደርስ፣ ህንድ ውስጥ በአንድ ጊዜ ፎርዋርድ የሚደረግለትን ተቀባይ በአምስት ገደበ። አንክል ጂ ምን ገዷቸው፤ አምስት አምስት እያደረጉ አራት ዙር ይልካሉ።

አንድ ቀን ታዲያ ጽጌረዳው ይቀራል። ሁለት ሰዓት ሳይሞላ ፑኔ ከተማ ያለችው ልጃቸው፣ መልእክቱን ከፍታ አንብባ የማታውቀዋ፣ እየተንቀጠቀጠች ትደውላለች።

«ፓፓ፣ ምን ሆኑ?»

«ምንም አልሆንኩም። ስልኩ ሞልቶ እምቢ አለኝ።»