ወገኖቼ፣ የክብደት መቀነሻ መርፌ አትዋዋሱ

ዛሬ ልቆጣችሁ ነው። የምትቆጣን እህታችን ናት ብላችሁ ቻሉኝ።

ኦዜምፒክ፣ ዊጎቪ፣ ማውንጃሮ የሚባሉት መርፌዎች መሃላችን ገብተዋል። ሜሪላንድና ቨርጂኒያ ያለነውም፣ ዱባይ ያላችሁትም፣ አዲስ አበባ ያላችሁትም ታውቁታላችሁ። ያስቆጣኝ አገባባቸው ነው። በሐኪም ትዕዛዝ ብቻ የሚሰጥ መድኃኒት ከጓደኛ ፍሪጅ፣ ከቴሌግራም ቻናል፣ ከመንገደኛ ሻንጣ እየወጣ ሆዳችን ላይ እየተወጋ ነው።

መድኃኒቱን አልሰድብም። ኦዜምፒክ በ2017 አሜሪካ ውስጥ የተፈቀደው ለዓይነት 2 ስኳር ሕመምተኞች ነው። በውስጡ ያለው ሴማግሉታይድ ነው። ዊጎቪም ያው ሴማግሉታይድ ነው፤ መጠኑ ከፍ ብሎ በ2021 ለውፍረት ተፈቀደ። ማውንጃሮ ደግሞ ቲርዜፓታይድ ነው። ስንበላ አንጀታችን ራሱ የሚያመነጨው "ጠገብኩ" የሚያሰኝ ሆርሞን አለ፤ መርፌዎቹ እሱን መስለው ይሠራሉ፣ ጨጓራም ምግቡን ቶሎ እንዳይለቅ ያደርጋሉ። የዊጎቪን መጠን በወሰዱ ሰዎች ላይ በተደረገው ትልቅ ጥናት በ68 ሳምንት ውስጥ በአማካይ ከክብደታቸው 15 በመቶ ገደማ ቀንሰዋል። ስኳሩ፣ ግፊቱና የጉልበት ሕመሙ ለተደራረበበት ሰው ይህ ትልቅ ነገር ነው። እንዲህ ያለ ሰው ሐኪም እየተከታተለው ቢወስድ የሚያፍርበት ምክንያት የለም። እናንተም አታሳፍሩት።

ሰርግ ደረሰ ብላ አራት ኪሎ ለመጣል የምትወጋዋን ግን ዝም ብዬ ማየት አልችልም።

በቅርቡ ለአንዲት ሙሽራ ሽር ጉድ በምንልበት ቤት ያየሁትን ልንገራችሁ። ልጆቹ ቀሚስ እየለኩ ነው። አንዷ ፍሪጁን ከፍታ ከአዋዜው ጎን ፔኗን፣ መድኃኒቱ ያለበትን እንደ ብዕር ያለ መወጊያ፣ አወጣች። የራሷ ነው፣ ሐኪም ያዘዘላት። ጫፉ ላይ ያለችውን መርፌ ነቀለች፣ አዲስ ገጠመችና ለሚዜዋ አቀበለቻት። ሚዜዋ ሸሚዟን ገለጥ አድርጋ ሆዷ ላይ ወጋችው። "መርፌው እኮ ተቀይሯል፣ ንጹህ ነው" አሉኝ ስጮህ። ንጹህ አይደለም! መርፌው ቢቀየርም የመጀመሪያዋ ሰው ደም ወደ ፔኑ ውስጥ ተመልሶ ገብቶ ሊሆን ይችላል። መርፌው ተቀይሮም ቢሆን ፔን ለሌላ ሰው አይሰጥም ተብሎ መድኃኒቱ ወረቀት ላይ የተጻፈው ለዚህ ነው። ኤችአይቪም፣ የጉበት ቫይረስም በዚህ ሊተላለፍ ይችላል። ስለ ምላጭና ስለ መርፌ ከሬዲዮ፣ ከትምህርት ቤት፣ ከቀበሌ ስንት ዓመት የተነገረን ሰዎች ነን እኮ። ያን ሁሉ ለአንድ ቀሚስ እንርሳው?

መጠኑም ሌላ ጣጣ ነው። ሴማግሉታይድ በሳምንት 0.25 ሚሊግራም ተጀምሮ፣ ሰውነት እስኪለምደው ከአራት ሳምንት በኋላ ወደ 0.5 ይወጣል፣ ከዚያም ቀስ በቀስ ነው። ጓደኛሽ 1 ሚሊግራም ወይም 2 ላይ ደርሳ ይሆናል። የእሷን ፔን መጀመሪያ ቀን ወግተሽ ሌሊቱን ሙሉ ብታስመልሺ ምን ይገርማል?

ከዚህ የባሰው በብልቃጥ የሚሸጠው ነው። ዱቄት ይመጣል፣ "ውኃ ጨምረሽ በጥብጪው" ትባያለሽ፣ ከዚያ በኢንሱሊን ሲሪንጅ ትቀጂያለሽ። ሲሪንጁ ላይ ያለው ቁጥር ሚሊግራም አይደለም። ዩኒት ነው፣ መቶው ዩኒት አንድ ሚሊ ሊትር። ብልቃጡ 5 ሚሊግራም ዱቄት ካለውና በ2 ሚሊ ሊትር ውኃ ከበጠበጥሽው 10 ዩኒት ማለት 0.25 ሚሊግራም ነው። በ1 ሚሊ ሊትር ከበጠበጥሽው ያው 10 ዩኒት እጥፉ፣ 0.5 ይሆናል። በቲክቶክ ያየሻት ልጅ "እኔ 10 ነው የምወስደው" ስትል የትኛውን እያለች እንደሆነ እሷም ላታውቅ ትችላለች። የአሜሪካው የምግብና መድኃኒት አስተዳደር በ2024 ያስጠነቀቀው ይህንኑ ነው፤ ከብልቃጥ ራሳቸው እየቀዱ ከታሰበው መጠን ከ5 እስከ 20 እጥፍ የወጉ ሰዎች ነበሩ፣ ሆስፒታል የገቡም አሉ።

የሐሰተኛውም ነገር አለ። በፈረንጆቹ ኦክቶበር 2023 ኦስትሪያ ውስጥ ሐሰተኛ ኦዜምፒክ የተወጉ ሰዎች ስኳራቸው ወርዶ እየተንቀጠቀጡ ሆስፒታል ገቡ። ፔኑ ውስጥ የነበረው ኢንሱሊን ሳይሆን አይቀርም ተባለ። የዓለም ጤና ድርጅት ደግሞ በ2024 ብራዚል፣ እንግሊዝና አሜሪካ ውስጥ ስለተያዘ ሐሰተኛ ሴማግሉታይድ ለዓለም ሁሉ ማስጠንቀቂያ አውጥቷል። ቁጥጥሩ ጠበቅ ባለበት አገር ይህ ከሆነ፣ ቦሌ አንድ ሱቅ ጓዳ ውስጥ ያለውን ማን አይቶታል?

ወደ አገር ቤት የምትሄዱ ሰዎች፣ እናንተንም አልተዋችሁም። "አንዲት ፔን ብቻ ያዝልኝ" ትባላላችሁ፣ ይሉኝታ ይዟችሁ ትቀበላላችሁ። ያልተከፈተ ፔን ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ባለ ፍሪጅ ውስጥ መቀመጥ አለበት፤ አንዴ በረዶ ከሠራ ቢቀልጥም አይወጋም። በሻንጣ ጭኖ አሥራ ምናምን ሰዓት መብረር፣ ጉምሩክ፣ ከዚያ መብራት የሚጠፋበት ቤት። ተቀባይዋ በመጨረሻ የምትወጋው ምን እንደሆነ እናንተም አታውቁም። የእውነት ስኳር ያለባት እናት ከሆነች ሐኪሟ የጻፈው ማዘዣ ይላክላችሁ፣ አያያዙንም ፋርማሲስት ይንገራችሁ። ማዘዣ ከሌለ እምቢ በሉ።

በዚህ መርፌ ላይ ሆናችሁ ሁዳዴን የምትጾሙ አላችሁ፣ ረመዳንን የምትጾሙም እንዲሁ። መርፌው የምግብ ፍላጎት ዘግቶባችኋል፣ ላዩ ላይ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ትጾማላችሁ፣ ስትፈቱም ሁለት ጉርሻ በልታችሁ ትተዋላችሁ። የሚቀንሰው ስብ ብቻ አይደለም፣ ጡንቻም ይሄዳል። ማስመለሱና ተቅማጡ ሲጨመር ሰውነት ውኃ ያጣል፣ ኩላሊት ይጎዳል። ኢንሱሊን ወይም አንዳንድ የስኳር ክኒን አብሮ የሚወስድ ደግሞ ስኳሩ ድንገት ሊወርድበት ይችላል። ከጾሙ በፊት ሐኪማችሁንም የንስሐ አባታችሁንም አማክሩ፤ ቤተ ክርስቲያን ሕመምተኛን ካልጾምክ ብላ አታስጨንቅም።

ሴቶች፣ ይህን ልብ በሉ። ማርገዝ የምታስቡ ከሆነ ሴማግሉታይድ ቢያንስ ከሁለት ወር በፊት ይቆማል። ቲርዜፓታይድ ደግሞ የሚዋጥ የወሊድ መከላከያን ሊያዳክም ስለሚችል፣ ሲጀመርና መጠኑ በጨመረ ቁጥር ለአራት ሳምንት ኮንዶም መጨመር ወይም ሌላ ዓይነት መከላከያ መጠቀም ያስፈልጋል። ፔኑን ያዋሰችሽ ጓደኛ ይህን ነግራሻለች? በቤተሰባችሁ ውስጥ ሜዱላሪ የሚባለው የታይሮይድ ካንሰር ካለ ደግሞ ጭራሽ አትንኩት።

ለአክስቶቻችንና ለጓደኞቻችንም አንድ ቃል አለኝ። ድሮ "ወፈርሽ፣ አማረብሽ" ስንባባል ኖረን፣ ዛሬ በር ላይ ገና ሳንሳሳም "ውይ፣ ምነው እንዲህ ተነፋሽ" ሆኗል ሰላምታው። ልጅቷን ወደ ቴሌግራም የላካት የእናንተ አፍ ነው። ተዉአት። መርፌውን ስታቆምም ይመለስባታል፤ መጀመሪያ ላይ በጠቀስኩት የዊጎቪ ጥናት መርፌውን ያቆሙት ሰዎች በዓመቱ ከቀነሱት ሁለት ሦስተኛውን መልሰው ጨምረዋል።

ያለ ሐኪም ትዕዛዝ ቀድማችሁ የጀመራችሁ አትደናገጡ፣ ግን ቀጥላችሁ አትውጉ። ፔኑን ወይም ብልቃጡን ይዛችሁ ሐኪም ጋ ሂዱ። ወደ ጀርባ የሚወጋ ከባድ የሆድ ሕመም ከመጣ ቆሽት ተቆጥቶ ሊሆን ይችላል፤ ውኃ እንኳ አልረጋ ካለ፣ ወይም ላብ ላብ ብሎ ካንቀጠቀጣችሁ፣ እስኪነጋ አትጠብቁ፣ ድንገተኛ ክፍል ሂዱ። ቀዶ ጥገና ያለባችሁም ለማደንዘዣ ባለሙያው ንገሩ፤ ጨጓራ ውስጥ የቀረ ምግብ በማደንዘዣ ጊዜ ወደ ሳንባ ሊገባ ይችላል። የመርፌውን ስም፣ ስንት እንደወጋችሁና የመጨረሻውን ቀን ሳትደብቁ ተናገሩ። ባልሽ አጠገብሽ ቆሞ ካሳፈረሽ፣ እሱን ውጣ በይና ተናገሪ።