ማሲንቆ በዓይን አይገዛም

በጎጃም ከተሞች ለባህል ቡድን ወይም ለተማሪዎች ክበብ ማሲንቆ ሲገዛ ቫርኒሹ የሚያብረቀርቀውና ቆዳው በቀለም ያጌጠው ቶሎ ዓይን ይስባል። ደጋን ሳያስነኩ ተፈርሞ ይወሰዳል። እንዲህ እየተገዛ የሚጎዳው ድምፁ ላይ የሚደክመው ሠሪ ነው፤ ድካሙ ከውጭ አይታይለትም።

የገበቴው፣ ማለትም ቆዳ የሚለብሰው የድምፅ ሳጥን፣ አራት ሳንቃዎች ከዋንዛ ቢሠሩ መልካም ነው፤ ዋንዛ ቀላል ነው፣ ለመጥረብም አያስቸግርም። ግን በደንብ ይድረቅ። እርጥቡ ከተገጠመ በኋላ ይጣመምና መጋጠሚያው ይከፈታል፣ ቆዳውም አብሮ ይላላል። ቆዳው ያልለፋ ሆኖ ተነክሮ ይለሰልሳል፤ ጠጉሩና ሥጋው ተፍቆ እኩል ከሳሳ በኋላ በየጎኑ እኩል ተወጥሮ ጥላ ውስጥ ይደርቃል። ፀሐይ ላይ ከዋለ በችኮላ ይኮማተርና ስፌቱ ጋ ይቀደዳል። ወፍራም ቆዳ ድምፅ ያፍናል፤ ያ የተወደደው ቀለምም ክብደት ጨምሮ ያንኑ ያደርጋል። ክረምት ላይ መላላቱ ግን የሠሪው ጥፋት አይደለም። ቆዳ እርጥበት ይጠጣል፤ እሳት ዳር ትንሽ ሲሞቅ ይመለሳል።

ከሁሉ የሚቆጨኝ አውታሩ ነው። የማሲንቆ አውታርም፣ በደጋኑ ላይ የሚወጠረውም የፈረስ ጭራ ነው፤ ድምፁ የሚወጣው ሙጫ ወይም ዕጣን ተቀብተው ሲፋተጉ ነው። ጭራው በሳሙና ታጥቦ ቅባቱ ካልለቀቀ ሙጫውን አይዝም፣ ደጋኑ ይንሸራተታል። ከታሰሩት ጭራዎች ጥቂቶቹ ከላሉ ደግሞ ለብቻቸው ይንጫጫሉ፣ ቅኝቱም አይጸናም። ይህን ሁሉ ለመሸሽ ናይለን ማሰር አለ። ናይለን ልሙጥ ስለሆነ ሙጫ እንደ ጭራ አይጨብጥም፤ ያ የማሲንቆ ሻካራ፣ የሰው ጉሮሮ የሚመስል ድምፅ ይጠፋል። ጭራ በሌለበት አገር ቢሆን ባልከፋ! ጥር 23 እንጅባራ ላይ የአገው ፈረሰኞች በዓል የሚከበርበት አገር ጭራ አጣሁ ሊል አይችልም። የጎደለው ከባለፈረሱ በዋጋ ገዝቶ፣ በርዝመት መርጦ ለሠሪ የሚያደርስ ነጋዴ ነው።

ስለዚህ ገዢ ኮሚቴ ተጫዋች ይዞ ይሂድ። ተጫዋቹ አውታሩን ቃኝቶ አንድ ዜማ ዳር እስከ ዳር ይጫወትበት፤ ሲጨርስ ቅኝቱ ወርዶ ከተገኘ መቃኛው ቀዳዳው ውስጥ እየተንሸራተተ ወይም አዲሱ ጭራ ገና እየተሳበ ነው። ጭራ ከሆነ ደጋግሞ ሲቃኝ ይረጋል፤ መቃኛው ከሆነ ግን ለሠሪው ይመለስ። ውሉ ላይም የጭራና የቆዳ ቅያሪ ከነዋጋው ይጻፍ። አንገቱና ሳንቃው ደኅና ሆኖ ጭራው ስለተበጠሰ ብቻ መጋዘን የሚጣል ማሲንቆ በአንድ ቀን ሥራ ይነሣል፤ አዲስ ከመግዛት በፊት መጋዘኑን መፈተሽ ይቀድማል።