የሕፃኑን ጋሪ በጨርቅ አትሸፍኑት!

ስንት ጊዜ ይነገር? ሕፃኑ ከቤት ውጭ እንዲተኛ ተብሎ ጋሪው በብርድ ልብስ ይጋረዳል። ስስ ነጠላ ጨርቅም ቢሆን አየር ያፍናል፤ ፀሐይ ላይ ሲሆንማ ውስጡ ቶሎ ይግላል፣ የልጁም ፊት አይታይም። ጥላ ስር ማቆም ምን ያቅታል? መሞቁን ለማወቅ እጁን ሳይሆን ማጅራቱን ወይም ደረቱን መዳሰስ ነው፤ ካላበው አንድ ልብስ ይቀነስለት።

ከዚህ የባሰው የመኪናው የሕፃን መቀመጫ ነው። «ተኝቷል፣ አትቀስቅሱት» እየተባለ መኪናው ከቆመ በኋላም እዚያው ይተዋል። አንገቱ ገና አልጠናም እኮ! አገጩ ደረቱ ላይ ሲወድቅ የአየር መተላለፊያው ይጠብባል። እንደተደረሰ ጠንካራና ዝርግ ነገር ላይ በጀርባው ይተኛ፤ ቢነቃም ይንቃ። በማዘያ ሲታዘልም ፊቱ ይታይ፣ ከአገጩ ስር ሁለት ጣት የሚያስገባ ክፍተት ይኑር።

ደግሞ «ሲደክመው ራሱ ይተኛል» ይባላል። የ4 ወር ልጅ ነቅቶ የሚቆየው ከ1 ሰዓት ተኩል እስከ 2 ሰዓት ገደማ ነው። ዓይኑ ሲፈዝና ፊቱን ሲያዞር ካላስተኙት፣ ከመጠን በላይ ደክሞ እንቅልፍ እንቢ ይለዋል። ያኔ «አመለኛ ነው» ይሉታል፤ ምን አጠፋ?