አስፈሪው ቪዲዮ ይቀጥል፤ የሠሪው ስም ግን አይቆረጥ

ማታ ማታ ቲክቶክ የሚያይ ሰው ይህን ቪዲዮ ያውቀዋል። ካሜራው ይንቀጠቀጣል። ኮሪደሩ ጨለማ ነው። የሚቀርጸው ሰው ቁና ቁና ይተነፍሳል። ጥግ ላይ የሆነ ነገር ውልብ ይላል፤ ካሜራው ይወድቃል፤ አለቀ። ከላይ በቀይ ፊደል «እውነተኛ ቪዲዮ፣ ልበ ደካሞች እንዳታዩት» ተብሎበታል። ኮሜንት ላይ ግማሹ «በስመ አብ!» ይላል፤ ግማሹ «ፌክ ነው» እያለ ይሳደባል።

ዘውጉ ፋውንድ ፉቴጅ ይባላል። የጠፉ ሰዎች ትተውት የሄዱት፣ ሌላ ሰው ያገኘው ቀረጻ መስሎ የሚቀርብ ሆረር ነው። እኔ በጣም እወደዋለሁ። ብዙ ገንዘብ አይፈልግም፤ ብልሃት ይበቃዋል።

ኢንተርኔትን ለዚህ ጨዋታ በደንብ የተጠቀመበት እ.ኤ.አ. በ1999 የወጣው «ዘ ብሌየር ዊች ፕሮጀክት» የተባለው ፊልም ነው። ዳንኤል ማይሪክና ኤድዋርዶ ሳንቼዝ ሦስት ተዋናዮችን ካሜራ አስይዘው ሜሪላንድ ጫካ ውስጥ ለቀቋቸው። ተዋናዮቹ በፊልሙ ውስጥ የሚጠሩት በገዛ ስማቸው ነው። ፊልሙ ሲኒማ ቤት ሳይደርስ፣ ሦስት ተማሪዎች ጠፍተዋል የሚል ድረ ገጽ ተከፈተ። የአፋልጉን ወረቀት ተበተነ። ወሬው ከመግነኑ የተነሳ ለዋናዋ ተዋናይት እናት የሐዘን ካርድ ይላክላቸው ነበር፤ ልጅቷ በሕይወት እያለች! ፊልሙም ወደ 250 ሚሊዮን ዶላር የሚጠጋ ገቢ ዛቀ።

ማታለል ነው? ትንሽ ነው። ግን መጨረሻ ላይ የሠሪዎቹ ስም ይወጣል፣ መብራቱ ይበራል፣ ትንሽ ቆይቶ ተዋናዮቹ ቴሌቪዥን ላይ ቀርበው ሲስቁ ይታያሉ።

የእኛም ተረት እንዲሁ መግቢያና መውጫ ነበረው። «ተረት ተረት» ሲባል «የላም በረት» ብለን እንገባለን። «ተረቴን መልሱ፣ አፌን በዳቦ አብሱ» ከተባለ ወጣን ማለት ነው። መሃል ላይ ጅቡ የፈለገውን ይብላ።

አሁን የጠፋው መውጫው ነው። አንዱ የደከመበትን አጭር ፊልም ሌላው ያወርደዋል፣ የሠሪውን ስም ይቆርጠዋል፣ መልሶ ይለቅቀዋል። ከዚያ በአማርኛ የሚተርክ ቻናል ያገኘውና ድምፁን አጎርንኖ «ይህ እውነተኛ ታሪክ ነው» ይለናል።

ስሌንደር ማን የሚባለውን ፊት አልባ ረጅም ሰው ኤሪክ ክኑድሰን እ.ኤ.አ. በ2009 የፈጠረው ለፎቶ ማቀናበር ውድድር ነበር። ምስሉ ከፈጣሪው ስም ተነጥሎ ዓለምን ዞረ። እ.ኤ.አ. በ2014 አሜሪካ ዊስኮንሲን ውስጥ ሁለት የ12 ዓመት ልጆች እሱን ለማስደሰት ብለው ጓደኛቸውን በስለት ወጉ። ደግነቱ ተርፋለች። የልጆቹን የአእምሮ ሕመም ፍርድ ቤቱ ተቀብሎታልና ጥፋቱን ሁሉ በኢንተርኔት አላላክክም። ግን መኖሩን አምነው ነበር።

እኛ ጋ ደግሞ ነገሩ ይበልጥ ያሳስባል። ሸክላ ሠሪውና ቀጥቃጩ «ቡዳ ነው» እየተባለ የተገለለበት አገር ነው። ቤተ እስራኤላውያንም በዚሁ ስም ሲሸማቀቁ ኖረዋል። ሰው ወደ ጅብ ሲለወጥ የሚያሳይ፣ በኮምፒውተር የተሠራ ቪዲዮ «እዚህ ወረዳ የተቀረጸ» ተብሎ ቢለቀቅ ሎስ አንጀለስ ላይ ያለው ስቆ ያልፈዋል። እዚያ ወረዳ ግን ቀድሞውንም በጥርጣሬ የሚታይ ጎረቤት አለ።

«የተሠራ መሆኑ ከታወቀ ማን ይፈራል?» የሚሉ አሉ። ኬን ፓርሰንስ የተባለው አሜሪካዊ ወጣት እ.ኤ.አ. በጥር 2022 ስለ «ባክሩምስ» ቪዲዮ ዩቲዩብ ላይ ሲለቅ ገና 16 ዓመቱ ነበር። ቢጫ ግድግዳ፣ የሚያጉረመርም የፍሎረሰንት መብራት፣ ማለቂያ የሌለው ባዶ ክፍል። አብዛኛውን የሠራው ብሌንደር በሚባል ነጻ የኮምፒውተር ፕሮግራም ነው። ርዕሱ ላይ ራሱ «ፋውንድ ፉቴጅ» ብሎ ጽፎበታል። ያም ሆኖ በሚሊዮን የሚቆጠር ሰው አይቶት በድንጋጤ ክው ብሏል። እኔም መብራት አብርቼ ነው የጨረስኩት።

ስለዚህ ተራኪ ወንድምና እህቶቼ፣ ከቪዲዮው ስር አንድ መስመር ትበቃለች፦ ማን ሠራው፣ መቼ። ካላወቃችሁ ደግሞ ቢያንስ «እውነተኛ» የምትለውን በቀይ አትጻፏት።