የሰው ወርቅ ያደምቃል

«የሰው ወርቅ አያደምቅ» ያሉት አበው ቴሌግራም አልነበራቸውም። ቢኖራቸው ኖሮ ሰሞኑን ስልካችንን ያጨናነቀውን «የአፍሪካ አሥሩ ሀብታም ከተሞች» የሚል የሚሊየነር ቆጠራ ዝርዝር አይተው ተረታቸውን ይሰርዙት ነበር። ለእኔ ሦስት ሰው ልኮልኛል፤ አንዱማ ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ላይ።

ላኪዎቹን እግዜር ይስጣቸው! የሰው ሚሊየነር ሲቆጥሩ ማደር ቀላል ድካም አይደለም። አከራዩ ኪራይ ሲጨምርበት እንኳ «ይኸው፣ ከተማችን ከበረች» ብሎ ደስ የሚለው ጀግና ከእነሱው ወገን ነው።

ትናንት ካፌ ውስጥ አንዱ አጠገቤ ተቀመጠ። አንድ ማኪያቶ አዞ፣ ባዶ ብርጭቆ አስመጥቶ ከጓደኛው ጋር ተካፈሉት። ከዚያ ጣቱን አረፋው ውስጥ ነክሮ ጠረጴዛው ላይ ጆሃንስበርግን ይስል ጀመር። «ሳንድተን ማለት ይቺ ናት፤ ከአፍሪካ ሀብታሟ ስኩዌር ማይል!» ባንኮቹ እዚህ፣ የአክሲዮን ገበያው እዚያ፤ የስኳሩ ዕቃ የማንዴላ አደባባይ ሆነ። እ.ኤ.አ. በ1886 ወርቅ ተገኝቶ ከተማዋ ከባዶ ሜዳ እንዴት እንደበቀለች ሲተርክ፣ ጉድጓዱን የቆፈሩት አያቱ ይመስሉ ነበር። አስተናጋጇ ልትወለውል ብትመጣ እጇን ያዛት፤ «ቆይ እህቴ፣ ሳንድተንን እንዳታጠፊብኝ!» ቀጥሎ ሌጎስ፤ «ኢኮኖሚዋ ብቻውን የስንቱን አገር ያህላል መሰለህ!» (እዚህ ላይ አልዋሸም።) ካይሮን የውሃው ብርጭቆ ሥር አኖራት፤ ብርጭቆው ዓባይ መሆኑ ነው። «ቢያንስ ውሃው የእኛ ነው» አለ ጓደኛው። አዲስ አበባ ላይ ሲደርስ አረፋው አለቀበት።

የጆሃንስበርግን የድሆች ሰፈር፣ አሌክሳንድራንም አልሳላትም። ከሳንድተን የሚለያት አንድ አውራ ጎዳና ነው፤ ማዶ መስታወት፣ ወዲህ ቆርቆሮ። በአሮጌው የጆሃንስበርግ መሃል ከተማ፣ ጄፒ በሚባለው ሰፈር፣ ከእኛው ልጆች ስንቱ በጠባብ ሱቅ ብርድ ልብስና ሸሚዝ እየሸጠ ለእናቱ ብር እንደሚልክም ካርታው አያውቅም።

በ2012 ዓ.ም. መጋቢት ላይ፣ ሞዛምቢክ፣ ቴቴ ውስጥ አንድ የጭነት መኪና ኮንቴይነር ሲከፈት 64 ሰው ታፍኖ ሞቶ ተገኘ። ኢትዮጵያውያን ናቸው ተባለ። ስማቸውን የሚያውቅ ስንት ነው? የሚሊየነሩን ቁጥር ግን ሁላችንም በቃላችን ይዘናል። ወደዚያ ሀብት የሚወስደው መንገድ ልጆቻችንን እየበላ እኛ ስንተኛ እንደወጣን እንጨቃጨቃለን! ያማል፤ ያሳፍራል።

ይቅርታ፣ ከምስጋናዬ ወጣሁ። ሂሳቡ መጣ። ሁለቱም ኪሳቸውን ዳበሱ፤ ሳንቲም እየለቀሙ ማኪያቶዋን ዘጓት። ከዚያ የካርታው ባለቤት ወደ እኔ ዞረ፤

«ጋሼ፣ የታክሲ ጎደለኝ፤ ትንሽ ቢሞሉልኝ?»

ሰጠሁት። አመስግኖኝ፣ ዝርዝሩንም «በቴሌግራም ልላክልዎት?» ብሎ ሄደ። አስተናጋጇም ሳንድተንን ከነአክሲዮን ገበያዋ በእርጥብ ጨርቅ አንድ ጊዜ አለፈችባት።