ውዳሴ ለ"በወር ስንት ነው?"

ብድር ሊወስድ የገባ ሰው አንድ ጥያቄ ብቻ ነው ያለው፤ "በወር ስንት ነው?" ወለዱ ስንት ነው ብሎ መጠየቅ ትዝብት ላይ ይጥላል። ሁሉ ተደምሮ ስንት እከፍላለሁ ማለት ደግሞ ጭራሽ ነውር ነው፤ በሠርግ ዕለት የንብረት ክፍፍል እንደ ማንሳት ይቆጠራል። በወር ስንት ብሎ የጠየቀ ግን ቁም ነገረኛ ነው። ገቢና ወጪውን የሚያውቅ፣ ከአቅሙ በላይ የማይንጠራራ፣ የቤተሰብ ኃላፊነት የሚሰማው ሰው ነው። እኔም ይህን የመሰለ ሊቅነት ሳይወደስ መቅረቱ ቢቆጨኝ ጊዜ ብዕሬን አነሳሁ።

እስቲ ሲፈርም እንየው። የብድር ክፍሏ ሠራተኛ ውሉን ዘርግታለታለች። ከውሉ በስተኋላ በደቃቅ ፊደል የታተመ የክፍያ ሰንጠረዥ ተያይዟል፤ የወሩ ክፍያ፣ ከዚያ ውስጥ ለወለድ የሚሄደው፣ ከዋናው፣ ማለትም ከተበደረው ገንዘብ፣ የሚቀነሰው፣ ቀሪው ዕዳ እያለ 240 ወራት ይወርዳል። ወዳጃችን የመጀመሪያውን ዓምድ በሌባ ጣቱ እየተከተለ ይወርዳል። የቀሩት ሦስቱ በመዳፉ ተሸፍነዋል።

"ግልጽ ያልሆነልዎት ነገር አለ?" ትለዋለች።

"በየወሩ ያው ነው አይደል? አይለዋወጥም?"

"ያው ነው። የወለድ ተመኑ ካልተቀየረ።"

"እንግዲያው ግልጽ ነው። የት ልፈርም?"

"ካልተቀየረ" የምትለዋን ነገር እንዴት ባለ ጨዋነት እንዳለፋት ልብ በሉ። ሌላው ቢሆን ቆም ብሎ፣ ማን ነው የሚቀይረው፣ መቼ፣ በስንት እያለ የሰው ጊዜ ያባክን ነበር።

አሁን ቁጥር ለሚወድ አንባቢ አንድ አንቀጽ ልጻፍ፤ ወዳጃችን ይዝለለው። 1,000,000 በ15 በመቶ ዓመታዊ ወለድ ለ20 ዓመት የተበደረ ሰው፣ ገንዘቡ የየትም አገር ይሁን፣ በወር 13,168 ገደማ ይከፍላል። በመጀመሪያው ወር ከዚህ ውስጥ 12,500ው ወለድ ነው፤ ከዕዳው የሚቀነሰው 668 ብቻ። አምስት ዓመት ሙሉ አንድ ወር ሳያዛንፍ ከከፈለ 790,000 ያህል አውጥቷል፣ ዕዳው የቀነሰው ግን በ59,000 ገደማ ነው። ከወሩ ክፍያ ለዋናው የሚሄደው ለወለድ ከሚሄደው የሚበልጠው በ16ኛው ዓመት ነው። 20 ዓመቱ ሲሞላ የከፈለው ሁሉ ቢደመር 3,160,000 ገደማ ይመጣል። አንድ ቤት ለራሱ፣ ሁለት ቤት ለአበዳሪው ገዛ ማለት ነው። እንዲህ ያለ ለጋስ ሰው መታሰቢያ ሳይቆምለት መቅረቱ ይገርመኛል።

ያቺ "ካልተቀየረ"ም ብትሆን ሥራ አትፈታም። ተመኑ ከ15 ወደ 17 ከፍ ቢል ያው ብድር በወር 14,668 ገደማ ይሆናል። ሁለት በመቶ ብቻ ነች የጨመረችው ይላሉ። በወር የምትጨምረው ግን 1,500 ነው።

ለነገሩ እኩል ወርሃዊ ክፍያ ራሱ ክፉ ነገር አይደለም። በአሜሪካ ከ1930ዎቹ በፊት ብዙው የቤት ብድር ለጥቂት ዓመታት ብቻ የሚሰጥ፣ ጊዜው ሲያልቅ ዋናው ገንዘብ በአንድ ጊዜ ዱብ የሚል ነበር። ታላቁ የኢኮኖሚ ድቀት ሲመጣ ባለዕዳው መክፈልም ውሉን ማደስም አቅቶት ስንቱ ቤቱን ተነጠቀ። በ1934 (እ.ኤ.አ.) የተቋቋመው የፌዴራል የቤቶች አስተዳደር ዋናውም ወለዱም አብሮ በየወሩ እየተከፈለ የሚያልቅ የረጅም ጊዜ ብድር እንዲለመድ አደረገ። ያሰቡት ባለዕዳው እፎይ እንዲል ነበር። እፎይ ብሎ እንቅልፍ እንደሚወስደው አላሰቡም።

ወዳጃችን ቤቱ ሲገባ ግን ሌላ ሰው ነው። ደብተር አለው። በማስመሪያ የተሰመረ፣ ገቢ በግራ፣ ወጪ በቀኝ። እሑድ ከሰዓት ቤተሰቡን ሰብስቦ የቁጠባ ዘመቻ ያውጃል፤ ከዛሬ ጀምሮ ከክፍል የወጣ መብራት ያጠፋል፤ ገላ መታጠቢያ ውስጥ ማንም አይዘፍንም፣ ዘፈን ውሃ ያስረዝማል። የጥርስ ሳሙናው አለቀ ሲባል አላለቀም ይላል። ቱቦውን ከሥር ጀምሮ ይጠቀልለዋል፣ በእርሳስ ይዳምጠዋል፣ እምቢ ሲለው መሃል ለመሃል በመቀስ ቆርጦ ብሩሹን ከውስጥ ያስገባል። "አያችሁ? ገና የአራት ቀን አለው።" ልጆቹ ያያሉ። እኔ ብሆን አጨበጭብ ነበር።

በዚሁ ዕለት፣ በዚሁ ሰዓት፣ ከአካውንቱ 12,500 ወለድ ወጥቷል። ስለ እሱ በደብተሩ ላይ አንድ መስመር ብቻ አለች፤ "ባንክ"። አትመረመርም፣ ስብሰባ አይጠራላትም። ባለቤቱ አንዳንዴ ትሞክራለች።

"ይሄ ብድር ግን እንዴት ነው የሚሄደው? አንድ ቀን ቁጭ ብለን አንየውም?"

"እሱን ተይው፣ እሱ በራሱ የሚቆረጥ ነው። አንቺ ይልቅ የኮሪደሩን መብራት ማን እንዳበራው ንገሪኝ።"

ልክ ነው። በራሱ የሚቆረጥ ነገር አያምም። ደመወዝ ሲገባና ሲቆረጥ የሚመጡት ሁለት የስልክ መልእክቶች በደቂቃ ልዩነት ይከተላሉ፤ እሱ የሚያነበው የመጀመሪያውን ነው።

በደብተሩ ላይ "ልዩ ልዩ" የምትባልም አንዲት መስመር አለች። ስለሷ ብዙ አልልም። ከሁሉም በላይ የምትበላው እሷ ነች፣ ስሟም የተሰጣት እንዳትታወቅ ነው።

አሁን ወደ ትልቁ ችሎታው እንምጣ። ኑሮ ሲከብድ፣ ወሩ ከደመወዙ ሲረዝም፣ ወዳጃችን ወደ ባንኩ ይመለስና "እባካችሁ በወር ቀንሱልኝ" ይላል። የመክፈያውን ዘመን አስረዝመው ይቀንሱለታል። እንዴት ያሉ ቅን ሰዎች ናቸው! የ20 ዓመቱ ብድር ከመጀመሪያው 25 ዓመት ቢሆን ኖሮ ወርሃዊ ክፍያው ከ13,168 ወደ 12,808 ይወርዳል። በወር 360 ተረፈ ማለት ነው፤ የጥርስ ሳሙናን ከነወንድሞቹ የሚገዛ ገንዘብ። በምላሹ 682,000 ገደማ ጨምሮ ይከፍላል። ይህንን ወዳጃችን "ተደራድሬ አስቀነስኩ" ብሎ ያወራዋል፣ ሰሚውም "እንዴት ጎበዝ ነህ፣ ማንን አግኝተህ ነው?" ይለዋል። እኔም አንዴ በዚህ ዓይነት ወሬ መሃል ተቀምጬ ራሴን እየነቀነቅሁ አዳምጫለሁ፤ የድርድሩን አሸናፊ ባውቅም ዝም አልኩ፣ ደስታውን ማን ያበላሻል?

የተረፈችው 360ም ብቻዋን አትቀመጥም። ስልኩ አርጅቷል፤ አዲሱ በክፍያ ይሰጣል፣ በወር ይቺን ብቻ። ቴሌቪዥኑም እንደዚያው፣ በወር ይቺን ብቻ። ሶፋው ደግሞ የመጀመሪያዎቹን ሦስት ወራት አይከፈልበትም፣ ስለዚህ ነፃ ነው። "ይቺ" እና "ይቺ" እና "ይቺ" ተደምረው ምን እንደሚሆኑ የጠየቀ የለም፤ እያንዳንዷ ለየብቻዋ ስትታይ እንዴት ታሳዝናለች! ማንም ሰው "ይቺን" መክፈል አያቅተውም። ችግሩ ወሩ አንድ መሆኑ ነው።

ይቺዎች ሲበዙ በባንክ ገንዘብ ዛሬ ገዝተው በኋላ የሚከፍሉበት ክሬዲት ካርድ ይደርሳል። ካርዱ "ዝቅተኛ ክፍያ" የሚባል በረከት አለው፤ እሱን ከከፈልክ ማንም አይጨቀጭቅህም። በዓመት 24 በመቶ የሚታሰብበት ዕዳ በወር 2 በመቶ ይወልዳል። ዝቅተኛው ክፍያም የዕዳው 2 በመቶ ቢሆን ዕዳው ባለበት ይረግጣል፤ ዕድሜ ልክ ቢከፈል ንቅንቅ አይልም። 3 በመቶ ቢሆን፣ ያውም ካርዱ ዳግመኛ ሳይነካ፣ ዕዳው ግማሽ እስኪሆን ከ5 ዓመት በላይ ይፈጃል። ወዳጃችን ግን አንድም ወር አላሳለፈም፤ በሰዓቱ ከፋይ ነው፤ ባንኩም ይህንን አይቶ የካርዱን ጣሪያ ከፍ አድርጎለታል። ከአለቃው እንኳ እንዲህ ያለ እድገት አግኝቶ አያውቅም።

ሉካ ፓቾሊ የሚባል ጣሊያናዊ በ1494 (እ.ኤ.አ.) ባሳተመው የሒሳብ መጽሐፍ አንድ ነገረኛ ዘዴ ጽፏል፤ 72ን ለወለዱ ተመን አካፍል፣ ገንዘቡ በስንት ዓመት እጥፍ እንደሚሆን ታውቃለህ። ባለ 24ቱ በ3 ዓመት እጥፍ ይሆናል ማለት ነው። ወረቀትም አይፈልግም፤ በጭንቅላት የሚሠራ ነው። ከ500 ዓመት በላይ አልፎ ዘዴው ወዳጃችን ዘንድ አለመድረሱ ሰላሙን ጠብቆለታል።

ዕዳው ሁሉ ተደራርቦ ትንፋሽ ሲያሳጣ ደግሞ መፍትሔው ሌላ ብድር ነው። ሁሉንም ጠቅልሎ የሚከፍል፣ አንድ ብቻ የሚሆን፣ በወርም የሚያንስ። እርግጥ ወለዱ በእውነት ዝቅ ካለና ካርዱ ተቀዶ ከተጣለ ይህ ደህና መንገድ ነው። ወዳጃችን ግን ካርዱን አይቀድም፤ አሁን ባዶ ሆኖለታላ! ከድጡ ወደ ማጡ የሚሉት ቀናተኞች ናቸው።

ስለ ቀናተኞች ካነሳን አንዲት ጎረቤት አለችን፣ ስሟን አልጠራም፣ የሰፈሩን ሞራል የምትገድል። ሰንጠረዡን አራቱንም ዓምድ ታነባለች። ከመፈረሟ በፊት፣ ቀድሜ ብከፍል ቅጣት አለው ወይ ብላ ሠራተኞቹን አስጨነቀች። ያንኑ የ20 ዓመት ብድር ወስዳ በየወሩ 1,000 ትጨምርበታለች፤ ስትጨምርም ዝም ብላ አታስገባም፣ "ይህ ለሚቀጥለው ወር ሳይሆን ከዋናው ላይ ይቀነስልኝ" ብላ በጽሑፍ ታስመዘግባለች፣ ደረሰኝ ትጠይቃለች። እንዲህ እያለች በ14 ዓመት ከ5 ወር ውስጥ ትጨርሳለች፤ ከ700,000 በላይ ወለድ ሳትከፍል ትቀራለች። ይህ ለአበዳሪ ሕይወት ደንታ ማጣት ነው።

ሌላም ጠባይ አላት። ዕዳዎቿን በወለዳቸው ከፍታ ደርድራ ከላይኛው ትጀምራለች፤ የሌሎቹን የግድ የሚከፈለውን ብቻ እየከፈለች፣ የተረፋትን ሁሉ አንዱ ላይ ታዘንባለች። እህቷ ደግሞ ከትንሹ ዕዳ ነው የጀመረችው፤ በሒሳብ ትንሽ ትጎዳለች፣ ነገር ግን አንዱ ቶሎ ሲዘጋ ልብ ያገኛል ትላለች። ሁለቱ በዚህ ሲከራከሩ መስማት አሰልቺ ነው። ሁለቱም ታዲያ የአንድ ሁለት ወር ወጪ ለክፉ ቀን ያስቀምጣሉ፣ ቧንቧ ሲፈነዳ ካርድ አይመዝዙም። ቤታቸው ብትገቡ መብራቱ በርቷል፣ ልጆቹ ገላቸውን ሲታጠቡ ይዘፍናሉ። ሰው እንዲህ ሥርዓት አጥቶ እንዴት ይኖራል?

ወዳጃችን ስለነሱ ሲጠየቅ የሚለው አንድ ነው፤ "ሰው ያለ ዕዳ አያድግም።" ትልቅ ፍልስፍና ነው። የትኛው ዕዳ፣ በስንት ወለድ፣ ለምን የሚሉ ዝርዝሮች ፍልስፍናን ያሳንሱታል። በሰዎች መሃልም ሲሆን "ቤቴ" ማለት ይወዳል፤ ላም አለኝ በሰማይ እንዳይሉት ቁልፉን ጠረጴዛው ላይ ያስቀምጠዋል።

በዓመቱ መጨረሻ ባንኩ ለታማኝ ደንበኞቹ የግድግዳ ካላንደር አደለ። ወዳጃችን የሱን ተቀብሎ ገባ፤ ደመወዝ የሚገባበትን ቀን በሰማያዊ፣ የሚቆረጥበትን በቀይ አከበበ። ከዚያ መዶሻና ሚስማር ይዞ ሳሎን ቆመ።

"ቆይ እስቲ" አለችው ባለቤቱ። "ይሄ ግድግዳ መያዣ አይደል? ሚስማር መምታት ይፈቀዳል?"

መዶሻውን እንደያዘ አሰበ። ነገሩ ቅጣት ይኖረው ይሆናል። መሳቢያውን ከፈተ፣ ውሉን ከነአቧራው አወጣ፣ መነጽሩን አደረገ፤ ለሚስማሩ ሲልም ከገጽ 1 ጀምሮ ማንበብ ያዘ።